ተከሳሹ ችሎቱን የማይረዳ ከሆነስ?

አንድ ከባድ ወንጀል ተፈጽሞ ተጠርጣሪው ከተያዘ በኋላ «ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ በአእምሮ ሐኪም እንዲመረመር አዘዘ» የሚል ዜና ሲመጣ ብዙ ሰው ወዲያው ይቆጣል። «አሁን ደግሞ አበድኩ ብሎ ሊያመልጥ ነው» ይባላል። ቁጣው ይገባኛል። የሞተ ሰው አለ፣ የተጎዳ ሰው አለ፣ ፍትሕ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ነገር ግን ሐኪሙ እንዲመልስ የተጠየቀው ጥያቄ ሰው የሚያስበው ላይሆን ይችላል። ውጤቱም ብዙዎች እንደሚገምቱት ማምለጫ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ጥፋተኛ ተብሎ ከመታሰር ይከፋል።

መጀመሪያ ሁልጊዜ የሚምታቱትን ሁለት ጥያቄዎች እንለይ።

አንደኛው «ሰውየው ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት አእምሮው እንዴት ነበር?» የሚለው ነው። ይሄ ስለ ወንጀል ኃላፊነት ነው። በሕመሙ ምክንያት የሚሠራውን ማወቅ የማይችል ከነበረ በወንጀል ተጠያቂ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ አይመለከትም። «ይሄ ሰው ዛሬ ችሎት ፊት ቆሞ የሚሆነውን ነገር ይረዳል ወይ? ከጠበቃው ጋር ተመካክሮ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ገደለ አልገደለም፣ ሰረቀ አልሰረቀም የሚለው ገና አልተነካም። እዚህ የማወራው ስለዚህኛው፣ ማለትም ችሎት ፊት ለመቅረብ ስለሚያስፈልገው የአእምሮ ብቃት ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ሰው ወንጀሉን ሲፈጽም ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ ከዚያ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሊታመም ይችላል። ሌላው ደግሞ በዚያች ቀን በከባድ የአእምሮ ሕመም ውስጥ የነበረ ቢሆንም ታክሞ ተሽሎት ችሎት ሲቀርብ ነገሩን ሁሉ በደንብ ይረዳ ይሆናል። የመጀመሪያው ዛሬ ሊዳኝ አይችልም፣ ኃላፊነቱ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛው መዳኘት ይችላል፣ ኃላፊነቱ ግን ገና ክርክር ያለበት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሰውየው ባይገባውስ? ማስረጃ ካለ ለምን አይፈረድበትም? ይሄ ጥያቄ በጣም የቆየ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በድሮዋ እንግሊዝ ተከሳሹ «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አይደለሁም» ብሎ መልስ ካልሰጠ ክርክሩ መጀመር አይችልም ነበር። አንዳንዱ ሆን ብሎ ዝም ይላል። ምክንያቱም ጥፋተኛ ከተባለ ንብረቱ ይወረሳል፤ ሳይፈረድበት ቢሞት ግን ለቤተሰቡ ይተርፋል። ፍርድ ቤቱም እንዲህ ያለውን ሰው አስተኝቶ ደረቱ ላይ ከባድ ድንጋይና ብረት እየጨመረ ይጭንበት ነበር፤ ወይ ይናገራል፣ ወይ ይሞታል። ይሄ አሠራር በሕግ የቀረው በ1772 ነው። እና ድንጋዩ ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር መጣራት ነበረበት። ይሄ ሰው ዝም ያለው በተንኮል ነው ወይስ መናገር ስለማይችል? መስማት የተሳነው፣ አእምሮው የታመመ፣ የሚባለው የማይገባው ሰው እንዲያ እንዳይደረግበት ሲባል የተጀመረው ማጣራት ነው እያደገ መጥቶ ዛሬ «ብቃት» የምንለው ጉዳይ የሆነው።

በ1836 እዚያው እንግሊዝ ፕሪቻርድ የሚባል መስማትና መናገር የተሳነው ሰው ተከሶ ቀረበ። ዳኛው ነገሩን ለሕዝብ ዳኞቹ (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ፍርድ ለሚሰጡት ሰዎች) ሲያስረዱ መናገር አለመቻሉ ላይ ብቻ አላቆሙም። የክርክሩን ሂደት ተከትሎ ተገቢ መከላከያ ማቅረብ የሚያስችል ግንዛቤ አለው ወይ የሚለው መታየት አለበት አሉ። የማስረጃው ዝርዝር ይገባዋል ወይ፣ የማይፈልገውን የሕዝብ ዳኛ መቃወም እንደሚችልስ ያውቃል ወይ? ይሄ መለኪያ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በኋላም በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ይጠቀሳል።

በአሜሪካ ደግሞ መሠረቱ በ1960 የተወሰነው የደስኪ ጉዳይ ነው። ደስኪ በጠለፋ ወንጀል የተከሰሰና ስኪዞፍሬንያ (እውነታን ከምናብ መለየት የሚያስቸግር ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ ቀኑንና ቦታውን ያውቃል፣ ስለተፈጠረው ነገር ጥቂት ያስታውሳል፣ ስለዚህ ይዳኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄ አይበቃም አለ። ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በምክንያት መነጋገር የሚችል መሆን አለበት፤ የክሱን ነገር እንደ መረጃ ማወቁ ብቻ ሳይሆን በትክክል ማመዛዘንም መቻል አለበት።

ይህቺ ልዩነት የጉዳዩ ልብ ስለሆነች ትንሽ ልቆይባት። አንድን ተከሳሽ «ዳኛ ማን ነው?» ብለህ ጠየቅከው እንበል። «ክርክር ሰምቶ የሚወስን ሰው» አለህ። «ዐቃቤ ሕግስ?» «የሚከሰኝ»። «ጠበቃስ?» «የሚከራከርልኝ»። ሁሉንም አገኘ። ከዚያ «ታዲያ ለጠበቃህ ያ ቀን የት እንደነበርክ ለምን አትነግረውም?» ስትለው «ጠበቃዬ ሞቶ አስከሬኑን ሌላ ሰው ለብሶት ነው የሚመጣው፣ የምነግረውን በሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ማሽን ለቀበሩት ሰዎች ያደርስላቸዋል» ቢልህስ? ይሄ ሰው የፍርድ ቤት ትምህርት ቢሰጠው ፈተናውን ይደፍናል። ራሱን መከላከል ግን አይችልም። ስለ ችሎት የሚያውቀው ነገር ስለራሱ ጉዳይ ውሳኔ ሊያደርግበት የሚችል እውቀት አልሆነም።

ለዚህ ነው የበሽታው ስም ብቻውን መልስ የማይሆነው። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ሁሉ ብቃት የለውም ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ችሎት ቀርቦ መከራከር ይችላል። መሃይምነትም ብቃት አያሳጣም። ቋንቋውን አለማወቅም እንዲሁ፤ ለዚያ መፍትሔው አስተርጓሚ ነው። መስማት የተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ ካወቀ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዳኛል። ግትር መሆን፣ ዳኛ መሳደብ፣ የጠበቃን ምክር አለመስማትም በራሱ ሕመም አይደለም። ሰው የማይረባ ውሳኔ የመወሰን መብት አለው። ጥያቄው ያንን ውሳኔ የወሰነው እሱ ነው ወይስ ሕመሙ ነው የሚለው ነው፤ ይሄን መለየት ደግሞ ለሐኪሙም ለዳኛውም ከባድ ነው።

«ምንም አላስታውስም» ማለትስ? ይሄም ብዙ ጊዜ አይበቃም። በ1959 እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ ገድለሃል ተብሎ የተከሰሰ ፖዶላ የሚባል ሰው ስለ ድርጊቱ ሁሉም ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል አለ። የሕዝብ ዳኞቹ አላመኑትም። የይግባኝ ችሎቱ ግን ከዚያም አልፎ እውነት ቢረሳ እንኳ ዛሬ ክርክሩን መከታተል እስከቻለ ድረስ ይዳኛል አለ። ሰውየው በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጣ። እኔ በግሌ ይሄ ሕግ ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ የነበረ ንጹሕ ሰው መርሳቱ ብቻውን ምስክሩን ሊያሳጣው ይችላል። ነገር ግን ፍርድ ቤቶች የሚፈሩት ይገባኛል። «ረሳሁ» ከሁሉም በላይ ለማለት የሚቀል ነገር ነው።

ምርመራው ራሱ እንዴት ነው የሚደረገው? ሐኪሙ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያው ተከሳሹን ቁጭ አድርጎ ያናግረዋል፤ አንዴም ከአንዴ በላይም ሊሆን ይችላል። ስለ ክሱ ይጠይቀዋል። በምን እንደተከሰሰ፣ ቢፈረድበት ምን ሊቀጣ እንደሚችል፣ ምስክር ሲዋሽበት ቢሰማ ምን እንደሚያደርግ፣ ዐቃቤ ሕግ «እመንና ቅጣቱ ይቀንስልህ» ቢለው እንዴት አድርጎ እንደሚወስን። መልሱ ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም የሚታየው፣ አስተሳሰቡ እንዴት ወደዚያ መልስ እንደደረሰም ጭምር ነው። የድሮ የሕክምና ካርዱን ያያል። ቤተሰቡን ያናግራል። የእስር ቤቱን ጠባቂዎች ይጠይቃል፤ እነሱ ቀንና ሌሊት ያዩታልና። ጠበቃውንም ማናገር አለበት፣ ይሄ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ቢሆንም፤ ምክንያቱም ተከሳሹ መመካከር ይችል አይችል እንደሆነ ከጠበቃው በላይ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ግን ሐኪሙ ሪፖርት ይጽፋል እንጂ አይወስንም። ውሳኔው የፍርድ ቤት ነው።

እሺ፣ ከሚያስመስሉትስ እንዴት ይለያል? ማስመሰል አለ፤ የለም ብሎ መከራከር አያዋጣም። በጣም የታወቀው የኒውዮርኩ የማፊያ አለቃ የቪንሰንት ጂጋንቴ ነው። ለዓመታት የመታጠቢያ ጋውን ለብሶ መንገድ ላይ እየተንከራተተ ለብቻው ሲያወራ ይታይ ነበር፤ ዶክተሮችም አእምሮው ታሟል ብለው መስክረውለታል። በ1997 ግን ተዳኝቶ ተፈረደበት፤ በ2003 ደግሞ በሌላ ክስ የአእምሮ ሕመሙ ማስመሰል እንደነበር ራሱ አመነ። ከእሱ በፊት የናዚው ባለሥልጣን ሩዶልፍ ሄስ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት ምንም አላስታውስም እያለ ከአራት አገር የመጡ ሐኪሞች መረመሩት። ኖቬምበር 30 ቀን 1945 ጠበቃው ደንበኛዬ ሊዳኝ አይችልም ብሎ ሲከራከር ዋለ። ከዚያ ሄስ ራሱ ተነሥቶ መርሳቴ ስልት ነበር፣ ከአሁን በኋላ ማስታወስ እችላለሁ አለ። ችሎቱም ቀጠለ።

ግን ማስመሰልን የሚያጋልጡ መንገዶችም አሉ። አንዱን ልንገራችሁ። ለተመርማሪው ብዙ ሥዕሎች ይታዩታል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሥዕል እየቀረበለት «ከእነዚህ ቅድም ያየኸው የትኛው ነው?» ይባላል። እውነት ምንም የማያስታውስ ሰው ዝም ብሎ እየገመተ ቢመርጥ እንኳ ግማሽ ያህሉን ያገኛል። ከግማሽ በጣም ያነሰ ውጤት የሚያመጣ ሰው ትክክለኛውን መልስ ስለሚያውቀው ነው እየዘለለ የተሳሳተውን የሚመርጠው። ሌላው ደግሞ የሕመም ምልክቶች አብረው የሚሄዱበት የራሳቸው ባሕርይ ያላቸው መሆኑ ነው። አስመሳይ ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። ያለ የሌለ ምልክት ሁሉ አለብኝ ይላል፣ አብረው የማይመጡትን ሳይቀር። ስትጠይቀው ብቻ ይታመማል፣ ክፍሉ ሲመለስ ካርታ ይጫወታል። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ በጣም የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም» ነው የሚለው። ይሄንን ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በከባድ ሕመም ውስጥ ያለ ተከሳሽ ራሱን ለማዳን የታመመ አይመስልም። ታመሃል ስትለው ይቆጣል። ጠበቃው ብቃት የለውም ብሎ ሲከራከርለት ጠላት ያደርገዋል።

ስለዚህም ነው ጥያቄውን የማንሣት ኃላፊነት ለተከሳሹ ብቻ የማይተወው። ጠበቃው ያነሣዋል፣ ዐቃቤ ሕጉም ማንሣት ይችላል፣ ዳኛውም ዓይኑ እያየ ዝም ማለት የለበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ያየው አንድ ጉዳይ ነበር። ተከሳሹ በክርክሩ ሁለተኛ ቀን ጠዋት ራሱን ለመግደል በጥይት መታ። ሆስፒታል ገባ። ዳኛው ተከሳሹ በሌለበት ክርክሩን ቀጠለ፤ ሰውየውም ጥፋተኛ ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ እንዲህ ያለ ምልክት እየታየ ክርክሩን ቆም አድርጎ አለመመርመር ፍትሕ አይደለም አለ።

ማስረዳቱስ የማን ሸክም ነው? እዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ። ግን ሸክሙ በጣም ከከበደ አደጋው ግልጽ ነው። በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት አንድ በግድያ የተከሰሰ ሰው ለክርክሩ የቀረበለትን የሲቪል ልብስ ሰውነቴን ያቃጥለኛል ብሎ አልለብስም አለ፤ ለብቻው ያወራል፣ ጠበቃውን ይፈራል። የግዛቱ ሕግ ግን ብቃት እንደሌለው በጣም ጠንካራ በሆነ ማስረጃ ካላረጋገጥክ ትዳኛለህ ይል ነበር። ተዳኝቶ ሞት ተፈረደበት። በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባንድ ድምፅ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ብቃት የሌለው የመሆኑ ነገር ይበልጥ የሚያመዝን ሰው እንኳ ሊዳኝ ይችላል።

አሁን ሰው ብዙም ወደማያወራው ክፍል እንምጣ። ብቃት የለውም ከተባለ በኋላ ምን ይሆናል?

ወደ ቤቱ አይሄድም። ክሱ ይቆማል እንጂ አይጠፋም። በአብዛኛው አገር ተከሳሹ ወደ ሕክምና ተቋም ይላካል፤ ታክሞ ሲሻለው ተመልሶ ይዳኛል። ብዙዎቹ በተለይ በመድኃኒት የሚስተካከል ሕመም ያለባቸው በወራት ውስጥ ይመለሳሉ። ከመድኃኒቱ ሌላ ስለ ፍርድ ቤት አሠራር ትምህርት ይሰጣቸዋል፣ የችሎት ልምምድ ሁሉ ያደርጋሉ። የሚያናድደው ግን ለዚህ የሚሆን አልጋ በብዙ ቦታ ጥቂት መሆኑ ነው። ስለዚህ ታማሚው ሕክምና እየጠበቀ እስር ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ሕመሙ ይብስበታል። በትንሽ ሌብነት የተያዘ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቢያምን ኖሮ ከሚታሰረው ቀን በላይ ወረፋ ሲጠብቅ ይከርማል። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነኝ የዚህ ጉዳይ ክፍል የለም።

የማይሻላቸውስ? በ1972 የተወሰነው የጃክሰን ጉዳይ ይሄንን ነው ያነሣው። ጃክሰን በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት የሚኖር የ27 ዓመት ሰው ነበር። አይሰማም፣ አይናገርም፣ ማንበብና መጻፍ አይችልም፣ የአእምሮ እድገቱ ገና ትምህርት ቤት ካልገባ ሕፃን ጋር የሚመጣጠን ነው ተባለ። የተከሰሰው በሁለት ሴቶች ላይ በተፈጸመ ዝርፊያ ነው፤ ተወሰደ የተባለው የአንደኛዋ አራት ዶላር፣ የሌላኛዋ አምስት ዶላር የሚያወጣ ነበር። ሐኪሞቹ መቼም ብቃት ያገኛል ብለን አናምንም አሉ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ «እስኪሻለው» ተቋም ውስጥ ይቆይ አለ። የማይሻለው ሰው እስኪሻለው ይቆይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለዘጠኝ ዶላር፣ ጥፋተኛ ሳይባል፣ ዕድሜ ልክ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄ አይሆንም አለ። ብቃት ያገኛል ወይ የሚለውን ለማወቅ የሚያስፈልገውን ምክንያታዊ ጊዜ ብቻ ሊይዙት ይችላሉ፤ ተስፋ ከሌለ ወይ እንደማንኛውም ታማሚ በወንጀል ሳይሆን በፍትሐብሔር ሥርዓት ወደ ሕክምና ተቋም እንዲገባ ይጠየቅ፣ ወይ ይለቀቅ።

ውሳኔው ትልቅ ቢሆንም «ምክንያታዊ ጊዜ» ስንት እንደሆነ አልተናገረም፤ ችግሩም አላበቃም። በአውስትራሊያ አንድ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆነ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣት በ2001 ተከሰሰ፤ በኋላም ብቃት የለውም ተባለ፤ በጠቅላላው ከአሥር ዓመት በላይ እስር ቤት ቆየ። ጥፋተኛ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ አይታሰርም ነበር። በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ኮሚቴ አውስትራሊያ መብቱን ጥሳለች አለ። ጥፋተኛ ሳይባል፣ ክሱን ሳይከራከር። «አበድኩ ብሎ አመለጠ» ለሚሉ ሰዎች የማሳየው ጉዳይ ቢኖር ይሄ ነው። በእንግሊዝም እስከ 1991 ድረስ ብቃት የለውም የተባለ ሰው በግድ ላልተወሰነ ጊዜ ሆስፒታል ይገባ ስለነበር ጠበቆች ደንበኛቸው እየታመመ እያዩ ጥያቄውን ከማንሣት ይቆጠቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ድርጊቱ በእርግጥ በእሱ ተፈጽሟል ወይ የሚለውን እንዲያጣራ የተደረገው። ካልፈጸመው በነፃ ይሰናበታል። ፈጽሞት ከሆነም ከሆስፒታል ሌላ እንደ ክትትል ያሉ አማራጮች መጡ። ይሄ ሐሳብ ጥሩ ይመስለኛል። ምንም ያላደረገ ሰው ስለታመመ ብቻ ለዓመታት መያዝ የለበትም።

አልታከምም ያለን ተከሳሽ በግድ መድኃኒት መስጠትስ ይቻላል? ጥያቄው ቶሎ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ለራሱ ጥቅም ነው አይደል? ግን ልብ በሉ፣ ሕክምናው የሚሰጠው ሊያስቀጣው የሚችል ክርክር እንዲጀመር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በማጭበርበር የተከሰሰ የአንድ የጥርስ ሐኪምን ጉዳይ አይቶ የሚቻልበትን በር በጣም አጠበበው። ክሱ ከባድ መሆን አለበት። መድኃኒቱ ብቃቱን ሊመልስ የሚችል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ክርክሩን የማያበላሽ መሆን አለበት። ከዚህ የቀለለ ሌላ መንገድ መታጣት አለበት። ለጤናውም ተገቢ መሆን አለበት። የጎንዮሽ ጉዳቱ ነገር ተራ ዝርዝር አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒት ፊትን ያደነዝዛል፣ ሰውየውን ያፈዝዛል። ዳኛና የሕዝብ ዳኞች ደግሞ የተከሳሽን ፊት ያያሉ። የሟች ፎቶ ሲታይ ምንም ሳይሰማው ቁጭ ያለ ሰው ካዩ «ጸጸት የሌለው» ይሉታል፤ መድኃኒቱ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?

የእድሜና የመርሳት በሽታ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ መድኃኒት ብዙ አይመልስም። ፌሊሲያን ካቡጋ በ1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ ተከሶ ለረጅም ዓመታት ሲፈለግ ቆይቶ በ2020 ፓሪስ አጠገብ ተያዘ። ክርክሩ በ2022 በሄግ ተጀመረ። በ2023 ዳኞቹ በመርሳት በሽታ ምክንያት ብቃት የለውም አሉ። ቅጣት የሌለበት፣ ድርጊቱን ብቻ የሚያጣራ አማራጭ ሂደት እንዲቀጥል ቢፈልጉም የይግባኝ ችሎቱ ለዚህ ሥልጣን የላችሁም ብሎ ከለከለ፤ ክርክሩ ላልተወሰነ ጊዜ ተገታ። በካምቦዲያም ሕዝቡን በጅምላ የጨረሰው የክመር ሩዥ አገዛዝ የቀድሞ ሚኒስትር ኢየንግ ቲሪት በ2011 በተመሳሳይ ምክንያት መዳኘት አትችልም ተብላ በሚቀጥለው ዓመት ተለቀቀች፤ በ2015 ሳይፈረድባት ሞተች። ቤተሰቦቻቸውን ያጡ ሰዎች ይሄንን ሲሰሙ የሚሰማቸውን ማንም «ሕጉ ነው» ብሎ ሊያጽናናው አይችልም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ቀን ነበር። እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። ግን ትናንት የመሰከረበትን ሰው ዛሬ የማያስታውስ፣ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ የማያውቅ ሽማግሌ ላይ የሚሰጥ ፍርድ እነሱ የሚፈልጉትን ነገር ይሰጣቸዋል ብዬ አላስብም። የጠፋው ፍትሕ የጠፋው እሱ ሳይያዝ በኖረባቸው ዓመታት ነው።

ብቃት ሙሉ ወይም ባዶ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ጥሩ ነው። ጠበቃ አጠገቡ ካለ መዳኘት የሚችል ሰው ያለ ጠበቃ ብቻውን ልከራከር ቢል ላይችል ይችላል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ሰው ጠበቃ እንዲይዝ ማስገደድ ይችላሉ አለ። ብቃት ከቀን ቀንም ይለዋወጣል። አንዳንዱ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት ይደክማል። ለእንደዚህ ያለ ሰው አጭር ችሎት፣ ቶሎ ቶሎ ዕረፍት፣ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ክስ፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስረዳው ሰው ብዙ ነገር ይለውጣሉ። ብዙ ጊዜ «አይችልም» የምንለው ሰው ችሎቱ በፍጥነትና በከባድ የሕግ ቃላት ስለሚሮጥበት ነው የማይችለው።

የታሰረ የታመመ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይሄን የምታነቡ ከሆነ ጥቂት ነገር ልበል። መጀመሪያ ለጠበቃው ንገሩ፣ አትደብቁ። ኀፍረት ብዙ ሰው ጎድቷል። የሕክምና ካርዱን፣ የድሮ ማዘዣዎቹን፣ ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ስምና መጠን ሰብስባችሁ ስጡ፤ ሰው ሲያዝ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በዚያው ይቋረጣል፣ ሕመሙም የሚነሣው በዚያ ምክንያት ነው። ልትጠይቁት ስትሄዱ ያያችሁትን ጻፉ፤ ቀኑን፣ ምን እንዳለ፣ ይበላ እንደሆነ፣ ይተኛ እንደሆነ። ለሐኪሙ ምን እንደሚመልስ ግን አታስጠኑት። ሐኪሙ ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ሕመም እንኳ የሚያምንላችሁ አይኖርም። ከምርመራው በፊት ደግሞ ጠበቃው አንድ ነገር አጣርቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ተከሳሹ ለሐኪሙ የሚናገረው ነገር በኋላ በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል ወይ? በቴክሳስ ለብቃት ምርመራ ብሎ ያናገረው ሐኪም በኋላ ተመልሶ ሰውየው አደገኛ ነው ብሎ መስክሮበት ሞት የተፈረደበት ሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 የሞት ፍርዱን የሻረው ዝም የማለት መብቱ ሳይነገረውና ጠበቃው ስለ ምርመራው ዓላማ ሳያውቅ ስለተደረገ ነው። የየአገሩ ሕግ በዚህ ይለያያል፣ ስለዚህ መልሱን ከምርመራው ቀን በፊት እወቁት።